ለታዳጊ ሯጭ የቱ ይሻላል? ካርቦን ጫማ ወይስ ተራ ጫማ

በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ ከእግር በታች ያለ ነገር ነው። ከእግር በታች ነው ተብሎ ግን የሚናቅ አይደለም።

ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ፣ ወይም ከሲኤምሲ ወደ አያት በሚወስደው አስፋልት ዳር የቆመ ሰው ሯጭ ሳያይ አይመለስም። ሁለት ሦስት ሆነው ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ከአሥር በላይ ሆነው። ብዙዎቹ ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃምና ከሌሎች ቦታዎች የመጡ፣ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ክለብ መግባት። ክለብ መግባት ማለት ደሞዝ፣ አሰልጣኝና ትጥቅ ማግኘት ማለት ነው። ክለብ አለመግባት ደግሞ ሻንጣን ይዞ ወደ ቤተሰብ መመለስ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ልጆች መካከል አሁን አሁን የሚሰማው ጥያቄ "ስንት ሰዓት ሮጥክ?" የሚል ብቻ አይደለም። "ካርቦን አለህ?" የሚልም ተጨምሯል።

ካርቦን የሚሉት ሶሉ ወፍራም፣ ክብደቱ ቀላል፣ ውስጡ የካርቦን ዝርግ ያለበትን የውድድር ጫማ ነው። ይሄን ጫማ ለማግኘት ልጆቹ ከምግባቸው ይቀንሳሉ፣ ይበደራሉ፣ ከውጭ ውድድር የሚመለስ ታላቅ አትሌት ያገለገለውን እንዲሰጣቸው ወይም እንዲሸጥላቸው ይለምናሉ። እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ዕድሜው 15፣ 16 ወይም 17 ለሆነ ልጅ ይሄ ጫማ ያስፈልገዋል ወይ? የእኔ መልስ አያስፈልገውም ነው። እንደውም ምርጫው ለልጁ ኪስ መተው የለበትም እላለሁ። ምክንያቴን ከማቅረቤ በፊት ግን ስለ ጫማው ራሱ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚካሄደው ጫማው ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ነው።

ጫማው ምን ይሠራል?

የዚህ ዓይነቱ ጫማ በገበያ ላይ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ናይኪ ቬፐርፍላይ የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ ነው። የአሜሪካው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 18 ጥሩ ጥሩ ሯጮችን በላቦራቶሪ ሲለኩ፣ ጫማውን ያደረጉት ሯጮች በዚያው ፍጥነት ለመሮጥ የሚያወጡት ጉልበት በአማካይ በ4 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። 4 በመቶ የጉልበት ቁጠባ ማለት ሰዓቱ 4 በመቶ ይሻሻላል ማለት አይደለም። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው የአየር ግፊትንም እየገፋ ስለሆነ ሰዓቱ ላይ የሚታየው ለውጥ ከዚያ ያነሰ ነው።

ሌላው ስህተት ካርቦኑን እንደ ሞላ /ስፕሪንግ/ ማየት ነው። ልጆቹ "ካርቦኑ ይወረውርሃል" ይላሉ። ከዚያ በኋላ የተሠራ ሌላ ጥናት ግን የካርቦን ዝርጉን በመጋዝ ቆራርጦ፣ ጫማውን ከተቆረጠውና ካልተቆረጠው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በጉልበት ቁጠባው ላይ የታየው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አልሆነም። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሶሉ የተሠራበት ቀላልና ተመላሽ ፎም ነው ማለት ነው። እግር ሲያርፍ ፎሙ ይጨመቃል፤ ሲነሳ ደግሞ የተቀበለውን ጉልበት ከተራው ጫማ ፎም በተሻለ መጠን ይመልሳል። ዝርጉ ደግሞ ጫማውን ያደርቀዋል፤ ወፍራሙና ለስላሳው ፎም እንዳይወላገድ ይረዳል፤ ጣት አካባቢ ያለው መገጣጠሚያ በብዛት እንዳይታጠፍም ያደርጋል።

ሦስተኛው ነገር ጫማው ለሁሉም እኩል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት ሰባት የዓለም ደረጃ ያላቸው ኬንያውያን ሯጮች ተለክተው ነበር። በስስ ሶል የውድድር ጫማ ከሮጡበት ጋር ሲነጻጸር አንዱ ከ11 በመቶ በላይ ሲጠቀም፣ ሌላው ከ11 በመቶ በላይ ተጎድቶ ተገኝቷል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የዓለም ደረጃ ሯጮች ናቸው። አንዱን የሚያነሳው ጫማ ሌላውን ሊጥለው ይችላል። ልጆቻችን ግን ይሄን የሚያውቁበት ላቦራቶሪ የላቸውም። የሚያውቁት እገሌ ይሄን አድርጎ አሸነፈ የሚለውን ብቻ ነው።

የኛ ታሪክ ምን ይላል?

ስለ ጫማ ሲነሳ የማይቀረው ስም የአበበ ቢቂላ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 በሮም በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ብዙ ሰው ይሄን የሚያነሳው "ጫማ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ወኔ ነው" ለማለት ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኘው አዲስ ጫማ ስላልተመቸውና በባዶ እግር መሮጥን በልምምድ ስለሚያውቀው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ የራሱን ሰዓት በሦስት ደቂቃ አሻሽሏል። ስለዚህ የአበበ ትምህርት ጫማ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ለውድድር የሚመረጠው እግር የለመደው ነገር ነው የሚል ነው።

ቀነኒሳ በቀለንም እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሄንግሎ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35፣ በ2005 ደግሞ በብራስልስ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሲሮጥ ያደረገው በዚያ ዘመን የነበረውን ስስ ሶል ስፓይክ ነው። ሁለቱ ክብረ ወሰኖች እስከ 2020 ድረስ ማንም አልነካቸውም። ይሄው ሰው እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ማራቶን አዲሱን ዓይነት ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የቀረው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። ዕድሜው ግን 37 ነበር።

ትዕግስት አሰፋም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2023 በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ የነበረውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሽላለች። የሮጠችበት የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር ክብደቱ 138 ግራም ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶንና እግር ለማስለመድ ያህል የተሠራ መሆኑን ተናግሯል። ከውድድሩ በኋላ ጫማዋን ከፍ አድርጋ ስታሳይ ያየ ልጅ ሁሉ ጫማውን ቢመኝ አይገርምም። ነገር ግን ትዕግስት ከዚያ በፊት የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በዚሁ ርቀት ነው። በርሊን ላይ 26 ዓመቷ ነበር። ጫማው የመጣው ሯጯ ተሠርታ ካለቀች በኋላ ነው። ጫማው ሯጭ አልሠራም፤ የተሠራ ሯጭ ላይ ጥቂት ጨመረ እንጂ።

የቤዝቦል ዱላ ክርክር

ይሄ ጥያቄ በኛ አገር ብቻ የተነሳ አይደለም። አሜሪካኖች በቤዝቦል ጨዋታቸው ለዓመታት ተከራክረውበታል። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የገና ጨዋታን የተጫወተ ሰው ዱላ ምን ያህል እንደሚለያይ ያውቃል። ክርክሩ ለልጆች የእንጨት ዱላ ወይስ የብረት /የአልሙኒየም/ ዱላ ይሻላል የሚል ነው። በትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ የሚፈቀደው የእንጨት ዱላ ብቻ ነው። በልጆችና በተማሪዎች ዘንድ ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብረቱ ገባ። ምክንያቱም እንጨቱ ይሰበራል፣ ብረቱ አይሰበርም፤ ለትምህርት ቤትና ለወላጅ ይረክሳል።

ችግሩ ብረቱ ውስጡ ባዶ መሆኑ ነው። ኳስ ሲያርፍበት ስሱ ብረት ገባ ብሎ ይመለሳል፤ ኳሱንም አፍጥኖ ይመልሰዋል። ከኛ ጫማ ፎም ጋር ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። በትንሾቹ ልጆች ሊግ ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በፍጥነት የተመለሰ ኳስ ፊቱን ወይም ደረቱን ሊመታው ይችላል። በዚህ ምክንያት የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የብረት ዱላ እንዳይሠራበት ሕግ አወጣ። ሌሎች ደግሞ መከልከሉን ትተው መለካትን መረጡ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኮሌጅ፣ በዓመቱ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የብረት ዱላ ኳስን የሚመልስበት አቅም ከእንጨት ብዙ እንዳይርቅ በልኬት ተገደበ። ለትንንሾቹ ልጆችም እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ዱላቸው ከምንም ይሠራ ከምን አፈጻጸሙ ወደ እንጨት እንዲቀርብ የሚያዝ ደረጃ ወጣ።

የኛ ጉዳይ ከዚህ በአንድ ነገር ይለያል። እነሱ ዘንድ አዲሱ ዕቃ የሚበረክተውና በረጅም ጊዜ የሚረክሰው ነው፤ እኛ ዘንድ አዲሱ ዕቃ ውድም ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የማይለየው ነገር ግን ዋናው ነው። ልጆች የሚወዳደሩበት ዕቃ ምን ይሁን የሚለውን ትልልቆች ተነጋግረው፣ ለክተው፣ ለሁሉም አንድ አድርገው ወሰኑ። ለእያንዳንዱ ወላጅ ኪስ አልተዉትም።

ሦስት ምክንያቶች

አንደኛ፣ የአካል ጉዳይ ነው። የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው፤ ተረከዝና ቁርጭምጭሚት አካባቢ ጅማት የሚይዝበት ቦታ አልጠነከረም። ወፍራምና ደረቅ ጫማ ደግሞ ጭነቱን አያጠፋውም፤ ከአንዱ የእግር ክፍል ወደ ሌላው ያዛውረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሐኪሞች ካርቦን ጫማ ይጠቀሙ የነበሩ አምስት ሯጮች ናቪኩላር በተባለው የመሃል እግር አጥንት ላይ ጉዳት እንደደረሰባቸው ጽፈዋል። አምስት ሰው ማስረጃ አይባልም፤ ሐኪሞቹም ጫማው ነው የሰበራቸው አላሉም። ያሉት ወደዚህ ጫማ የሚደረገው ሽግግር ቀስ እያለ ይሁን ነው። የዚህ አጥንት ጉዳት ቶሎ የማይድን፣ ለወራት ከልምምድ የሚያስቀር ነው። ለክለብ ሯጭ ወራት ማረፍ ከባድ ነው፤ ክለብ ለሌለው ልጅ ግን የቤት ኪራይ የሚከፍልለት የለምና የሩጫ ሕይወቱ ማብቂያ ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት እዚህ ጋ በትክክል ይሠራል።

እግር ሥራ መልመድም አለበት። የኛ ልጆች ትልቁ ሀብት በእንጦጦና በየካ ተራራ ዳገት፣ በሰንዳፋ ሜዳና በኮረኮንች ላይ ሲሮጡ የሚያዳብሩት የባትና የቁርጭምጭሚት ጥንካሬ ነው። ይሄንን ሥራ ጫማው ከሠራላቸው እነሱ መቼ ሊሠሩት ነው?

ሁለተኛ፣ የገንዘብና የጥራት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ቬፐርፍላይ ሲወጣ 250 ዶላር ነበር፤ ትዕግስት የሮጠችበት ደግሞ እንዳልኩት 500። በጋራ ለተከራየ ልጅ ይሄ የብዙ ወር ኪራይ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የሚገዛው ያገለገለ ነው። እዚህ ላይ ነው ልጆቹ የሚታለሉት። ፎሙ ያልቃል። በአንድ ጥናት መሠረት የዚህ ዓይነቱ ፎም 450 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ በተራው ፎም ላይ የነበረው ብልጫ ጠፍቷል። በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ልጅ ይሄን በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ አትሌት ሁለት ማራቶን ሮጦበት፣ ልምምድም ሠርቶበት፣ ከዚያ የሸጠው ጫማ ውስጥ ምን ቀረ? ካርቦኑ ደረቅ እንደሆነ አለ፤ ጥቅሙን የሚሰጠው ፎም ግን የለም። ልጁ የገዛው ጉዳቱን ብቻ ነው። ቁጥሩም ብዙ ጊዜ የእግሩ ልክ አይደለም፤ በካልሲ ይሞላዋል። ፎርጅዱን እንተወው፤ ከላይ ስሙን ይዞ ከታች ተራ ስፖንጅ የሆነ ጫማ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለጫማም ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛውና ለኔ ትልቁ ምክንያት የፍትሕ ጉዳይ ነው። የክለብ ማጣሪያ ላይ 60 ልጅ ተሰልፎ 5 ልጅ ይመረጣል እንበል። 10 ኪሎ ሜትርን በ30 ደቂቃ የሚሮጥ ልጅ ጫማው አንድ በመቶ ቢረዳው 18 ሰከንድ ነው። በማጣሪያ ላይ በ18 ሰከንድ መካከል ስንት ልጅ ይገባል? አሰልጣኙ በእጁ ያለው ሰዓት የሚነግረው የልጁንና የጫማውን ድምር ነው። የትኛው የልጁ፣ የትኛው የጫማው እንደሆነ አይነግረውም። ዘመድ ውጭ ያለው ወይም ታላቅ አትሌት የሚያውቀው ልጅ ያልፋል፤ ባረጀ ጫማ የመጣው የተሻለ ልጅ ይቀራል። ይሄ ልጁን ብቻ አይጎዳም። ክለቡም የተሳሳተ ሰው መረጠ፤ አገርም ያላየችውን ሯጭ አጣች። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም የቀረው ልጅ አይመዘገብም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ይሄን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ የመጀመሪያው መልስ "ዓለም ሁሉ እያደረገው እኛ ልጆቻችንን ከለከልን ብንል ወደ ኋላ መቅረት ነው" የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር እንይ። ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና የጎዳና ሩጫ የለውም፤ ልጆቹ የሚወዳደሩት በመም ላይ ነው። በመም ውድድር ደግሞ የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ሶል አይፈቅድም። ልጆቻችን የሚሻሙበት የጎዳና ጫማ እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ለዓለም መድረክ እናዘጋጃቸው ካልን ማስለመድ ያለብን ስሱን ነው። በእርግጥ አዲሱ ፎም ወደ ስፓይክም ገብቷል፤ ቢሆንም ገደቡ ጥቅሙን ያጠበዋል፤ ስፓይክም ለውድድርና ለጥቂት የፍጥነት ልምምድ እንጂ ለየቀኑ የሚደረግ አይደለም።

ደንቡን አለማወቅ ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳይ የኛው ሰው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በቪየና ማራቶን ደራራ ሁሪሳ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሮጦ ከተከታዩ ኬንያዊ በሦስት ሰከንድ ቀድሞ አንደኛ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ድሉ ተሰረዘ። ያደረገው ጫማ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። አዘጋጆቹ እንዳሉት በቅጹ ላይ የተመዘገበው ሌላ ሞዴል ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ተሮጦ ድሉ በአንድ ሴንቲ ሜትር ሄደ። ትልቅ አትሌት ላይ ይሄ ከደረሰ፣ ስለ ደንቡ ማንም ያልነገረው የ17 ዓመት ልጅማ እንዴት ይሆናል?

ሁለተኛው ተቃውሞ "ተራ ጫማም ይጎዳል" የሚል ነው። እውነት ነው። ተራ ጫማ ስል ሶሉ አልቆ አስፋልት የሚነካ ጫማ ማለቴ አይደለም። ልክ የሆነ፣ ተረከዝን የሚይዝ፣ በእጅ ሲታጠፍ ጣት አካባቢ የሚታጠፍ፣ ሶሉ መካከለኛ የሆነ የልምምድ ጫማ ማለቴ ነው። በአንድ ካርቦን ጫማ ዋጋ እንዲህ ዓይነት ጫማ ከአንድ በላይ ይገዛል፤ አንዱን ለአስፋልት ሌላውን ለጫካ እያቀያየሩ መሮጥ ደግሞ ለእግርም ለጫማም ይበጃል።

ሦስተኛው "ልጁ በራሱ ገንዘብ ከገዛ ማን ይከለክለዋል?" የሚል ነው። በልምምድ ላይ ማንም አይከለክለውም፤ ይመከራል እንጂ። ውድድር ግን የጋራ ነገር ነው። ቤዝቦል የሚጫወተውም ልጅ ቤቱ ውስጥ የፈለገውን ዱላ ይወዛውዝ፤ ሜዳ ሲገባ ግን የተለካውን ይይዛል።

ምን ይደረግ?

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ከባድ ወጪ የማይጠይቅ ነው። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንና የከተማችን ፌዴሬሽን ከ18 ዓመት በታች በሆኑ የጎዳና ውድድሮች ካርቦን የሌለው ጫማ ብቻ እንዲደረግ ቢወስኑ። ቁጥጥሩ አስቸጋሪ አይደለም። የጫማን ውፍረት ማስመሪያ ይለካዋል፤ ካርቦን ያለው ጫማ ደግሞ በእጅ ለማጠፍ ሲሞከር እሺ አይልም። የሚያጠራጥር ሲሆን ሞዴሉን የዓለም አትሌቲክስ በኢንተርኔት ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ክለቦች በማጣሪያ ቀን ሁሉም ተፈታኝ በተመሳሳይ ዓይነት ጫማ እንዲሮጥ ያድርጉ። ማጣሪያውን በመም ላይ ካደረጉት ደግሞ የ20 ሚሊ ሜትሩ ደንብ ራሱ ሥራውን ያቀልላቸዋል። ሦስተኛ፣ አሰልጣኞች ልጁ ወደ ጎዳና ውድድር ሲሸጋገር፣ 19 ወይም 20 ዓመት ሲሞላው፣ ካርቦኑን በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት አንድ አጭር ልምምድ እየጀመሩ ያስለምዱት።

አራተኛው የኛ ድርሻ ነው። በዲፓርትመንታችን በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን። ብዙ ጊዜ ርዕስ የምንመርጠው ከዚህ በፊት ከተሠራው ቀድተን፣ ቦታውን ብቻ ቀይረን ነው። እዚሁ ደጃችን ላይ ግን ማንም ያልጠየቃቸው ጥያቄዎች አሉ። በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚለማመዱ ታዳጊዎች ምን ዓይነት ጫማ ያደርጋሉ? ስንተኛ እጅ ነው? ቁጥሩ ልካቸው ነው? ባለፈው ዓመት ስንቶቹ በእግር ጉዳት ልምምድ አቋረጡ? ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ መጠይቅ፣ ማስመሪያና ጠዋት በ12 ሰዓት መነሳት ነው የሚያስፈልገው። የመጀመሪያው ጥሩ መረጃ ከኛ ዲፓርትመንት ቢወጣ ለፌዴሬሽኑም ለክለቦቹም ይጠቅማል። የማይጠቀሙበትን የልምምድ ጫማ የሚሰጡ ተማሪዎችና መምህራን ቢኖሩ ደግሞ፣ ቁጥሩን ጽፎ የሚመዘግብና ለልጆቹ በልካቸው የሚያውስ አንድ ቁም ሳጥን ማዘጋጀት የሚያቅተን አይመስለኝም።

በመጨረሻም፣ ካርቦን ጫማ መጥፎ ነገር ነው እያልኩ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ። ለትልልቆቹ አትሌቶቻችን የሥራ ዕቃ ነው፤ በሕጉ እስከሆነ ድረስ የተሻለውን ቢያደርጉ ደስ ይለናል። የኔ ክርክር ስለ ጊዜው ነው። በ16 ዓመት መሠራት ያለበት እግር ነው፤ ጫማው በ20 ዓመትም ይደርሳል። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም አሰልጣኝ የሆናችሁ ወይም ራሳችሁ የምትሮጡ፣ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ ክርክሩ ይዳብራል። እስከዚያው ግን ነገ ጠዋት ከሲኤምሲ ወደ አያት የሚሮጥ ልጅ ጫማ ምከሩኝ ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ዕድሜውን ጠይቁት።